ያውቁ ኖሯል? ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ሊቃጠል ይችላል

ቤትዎ ያለው ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋውን መስመር ነው። ከሱቅ ገዝተው የሰኩት ቀጭን የማከፋፈያ ገመድ ከአቅሙ በላይ ቢጫን ብሬከሩ ላያውቀው ይችላል።

ሒሳቡን ይመልከቱት። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። በብዙ ማከፋፈያዎች ጀርባ ላይ የሚነበበው ግን 10 አምፔር ነው (ያውም የተጻፈው እውነት ከሆነ)። የመስመሩ ብሬከር 20 አምፔር ከሆነ 16 አምፔሩን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንጀራ መጋገር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም።

የተጠቀለለ ገመድ ይብሳል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በአንዳንድ ትልልቅ የገመድ ጥቅሎች ላይ ሁለት የአምፔር ልክ የሚጻፈውም ለዚህ ነው፦ አነስተኛው እንደተጠቀለለ ሲሠራ፣ ከፍተኛው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲሠራ። ከምንጣፍ ሥር ያለፈ ገመድም ያው ነው።

ምጣድ የራሱ መስመር፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ስፒናው ከጠቆረ ወይም ሶኬቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት ብሬከሩን አውርደው ባለሙያ ይጥሩ። እሳት ከተነሳ ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ አይድፉበት።