አጎት መንጃ ፈቃድ ስላላቸው አንተ ትነዳለህ?

«ምን ችግር አለው? አጎቴ ከጎኔ ናቸው፣ መንጃ ፈቃድ አላቸው» ይላል አንድ የመቂ ወጣት። መኪናዋ የአጎት ናት፤ መለማመጃው ደግሞ ወደ ዝዋይ፣ ባቱ ማለቴ ነው፣ የሚወስደው አስፋልት። እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር ለማጅ ጊዜያዊ ፈቃድ ካወጣ፣ 21 ዓመት የሞላውና መንጃ ፈቃድ ከያዘ 3 ዓመት የሆነው ሰው ከጎኑ አስቀምጦ መንዳት ይችላል። እኛ ጋ ግን በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሥልጠናው ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ነው። የማሠልጠኛ መኪና «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ አሠልጣኙም በእግሩ የሚረግጠው ፍሬን አለው። አጎት ያላቸው የእጅ ፍሬንና «ኧረ ቀስ!» የሚል ጩኸት ነው።

እስቲ አስቡት፤ ከፊት ጋሪ ሲያቋርጥ፣ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ፣ ከኋላ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን ሲለቀው ለማጅ ፍሬን ይርገጥ ነዳጅ አያውቀውም።

ሰው ቢገጭስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናውን ማንም ይንዳው ማን ካሣው ባለቤቱ ላይ ነው። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ይድናል። ታዲያ አጎት ከጎን ቁጭ ብለው «ተሰረቅኩ» ሊሉ ነው? ለነጂው ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አለ፦ ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

እናም ወንድሜ፣ አጎትህን መለመንህ ካልቀረ ቁልፉን ተወውና የማሠልጠኛውን ክፍያ ለምናቸው።