እውነት ወይስ ተረት? ህንዶች 330 ሚሊዮን አምላክ አላቸው?

በከተማችን እንሴኖ ውስጥ ማታ ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ የህንድ ድራማ ላይ ነው። ዚ ዓለም የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ወዲህ የሙምባይ አማትና ምራት በአማርኛ ሲጣሉ እየሰማን ነው የምናድረው። አንድ ማታ ምራቲቱ የአምላክ ምስል ፊት ተንበርክካ «ካንሃ» ብላ አለቀሰች። አማቲቱ ደግሞ «ጎቪንዳ» ብለው እጃቸውን አጋጠሙ፤ ከኋላ የሚሰማው ዘፈን «ሽያም፣ ሽያም» ይላል። በርበሬ ሲቀነጥሱ የዋሉት ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀመጡና «ኧረ ለመሆኑ ስንት አምላክ ነው ያላቸው?» አሉ። ኮሌጅ የሚማረው ልጅ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «330 ሚሊዮን ነው፣ እቴቴ» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን በዚያ ማታ የተጠሩት ሦስቱም ስሞች የአንድ አምላክ ስሞች ናቸው። የክሪሽና።

ክሪሽና በሳንስክሪት «ጥቁር» ማለት ነው። ካንሃ ይኸው ስም በሕዝብ አፍ ሲለሰልስ የመጣ መቆላመጫ ነው፤ እናት ልጇን የምትጠራበት ዓይነት። ሽያምም ጠይም፣ ጠቆር ያለ ማለት ነው። ጎቪንዳና ጎፓል ከከብት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ «ጎ» ላም ናትና ጎፓል ላም ጠባቂ፣ ጎቪንዳ ላሞችን የሚያገኝ ይሆናል። እንደ ትረካው ክሪሽና ያደገው በእረኞች መንደር ነው፣ ስሙም የእረኛ ስም ሆኖ ቀረ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ዳሞዳር የሚለውን ነው። «ዳማ» ገመድ፣ «ኡዳራ» ሆድ። ሕፃኑ ክሪሽና ቅቤ እየሰረቀ አስቸገረና ያሳደገችው እናቱ ያሾዳ ከሙቀጫ ጋር ልታስረው ተነሣች። ገመዱ ሁለት ጣት አነሳት። ሌላ ገመድ ቀጠለችበት፣ አሁንም ሁለት ጣት ጎደለ። ቤት ያለው ገመድ ሁሉ አልቆ፣ እሷም ደክማ ላብ ሲያጠምቃት፣ ልጁ አዘነላትና ታሰረላት። እንግዲህ አንድ ሰው «ዳሞዳር» ብሎ ሲጸልይ ሆዱን በገመድ የታሰረውን ያንን ሌባ ልጅ መጥራቱ ነው። ሙራሪ ሲባል ደግሞ ሙራ የተባለውን ጭራቅ የገደለው፣ ፓርታሳራቲ ሲባል በጦርነት ሜዳ የጦረኛውን የአርጁናን ሠረገላ የነዳው ማለት ነው።

አንዱን በብዙ ስም መጥራት ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ» ነበሩ። የፈረስ ስም ቆጥሮ ኢትዮጵያ ሁለት እጥፍ ጀግና ነበራት የሚል የታሪክ ጸሐፊ አላየሁም።

ስም ማብዛቱ እስከ ምን ይደርሳል? እስከ ሺህ። ማሃባራታ በተባለው ታላቅ ድርሳን ውስጥ አረጋዊው ቢሽማ በቀስት አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን ሲጠብቅ ለንጉሥ ዩዲሽቲራ የአምላኩን የቪሽኑን 1000 ስሞች ይደረድርለታል። «ቪሽኑ ሳሃስራናማ» ይሉታል፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የሚደግሙት ብዙ ናቸው። ክሪሽና የቪሽኑ መገለጫ ነው ስለሚባል ጎቪንዳም ዳሞዳርም እዚያው ውስጥ ይገኛሉ። በዝርዝሩ ውስጥ አንዳንዱ ስም ተደግሞ ይመጣል፣ ተርጓሚዎቹ ግን በተደገመ ቁጥር ሌላ ፍቺ ያወጡለታል። የእኛን የቅኔ መምህራን ያስታውሰኛል።

ታዲያ 330 ሚሊዮን ከየት መጣ? የጥንቶቹ የቬዳ ጽሑፎች የሚያውቁት 33 አማልክት ነው። «ኮቲ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ «ዓይነት» ወይም «ክፍል»፣ ሌላው «አሥር ሚሊዮን»። ቁጥሩ ከዚህ ተምታቶ እንደተባዛ ብዙ ሂንዱዎች ራሳቸው ያስረዳሉ። ጉዳዩን ከሁሉ በላይ አሳጥሮ የነገረን ግን ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ነው። ያግናቫልክያ የተባለውን ጠቢብ «አማልክት ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቁታል። መጀመሪያ ከሦስት ሺህ በላይ ይላል። «እሺ፣ ግን ስንት?» 33። «እሺ፣ ግን ስንት?» ስድስት። ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል (አዎ፣ አንድ ተኩል!)፣ በመጨረሻም አንድ። የኮሌጁ ልጅ መልስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ተፈትኖ ወድቋል።

ግን ወደ ሌላው ጫፍም አንሩጥ። «ሂንዱዎች ሁሉ በአንድ አምላክ ያምናሉ፣ ሌላው ስም ብቻ ነው» ማለትም ልክ አይደለም። ቪሽኑን ከሁሉ በላይ የሚያደርጉ አሉ፣ ሺቫን የሚያስቀድሙ አሉ፣ ክሪሽና የቪሽኑ መገለጫ ሳይሆን የሁሉ ምንጭ እሱ ነው የሚሉም አሉ። በመካከላቸው ያለው ክርክር ዘመናት ያስቆጠረ ነው።

ከቡናው ላይ የሰማሁት ሌላም ነበር፦ «ክሪሽና ማለት ክርስቶስ ነው፣ ድምፁን አትሰሙም?» ተረት ነው። ክርስቶስ የግሪክ ቃል ነው፣ «የተቀባ» ማለት ነው፣ የዕብራይስጡ «መሲሕ» ትርጉም። ክሪሽና «ጥቁር» ነው። ዘመኑም አይገጥምም፤ ሄሊዮዶሮስ የተባለ የግሪክ መልእክተኛ በመካከለኛው ህንድ ለቫሱዴቫ፣ ማለትም ለክሪሽና፣ የድንጋይ ዓምድ ያቆመው ክርስቶስ ከመወለዱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ዓምዱ ዛሬም ቪዲሻ አጠገብ ቆሟል። ስሙ «ጥቁር» ሆኖ ሥዕሉ ሰማያዊ መሆኑ የሚያስገርመው ካለ፣ ገጣሚዎቻቸው መልኩን ዝናብ በቋጠረ ደመና ስለመሰሉት ነው።

እቴቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «እኛስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንሴኖ ውስጥ እግዚአብሔር የሚል፣ አላህ የሚል፣ ረቢ የሚል አንድ ገበያ ይውላል። ቁርዓን ቤት የሚሄድ ሕፃን 99ኙን የአላህ ስሞች ሲወጣቸው 99 አማልክት ቆጠረ አንለውም። «እግዚአብሔር» ራሱ ስም ከመሆኑ በፊት መጠሪያ ነው፤ በግዕዝ የብሔር ጌታ፣ የምድር ጌታ።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ ያሰኛል። የሰባት ቤት ጉራጌ ጥንታዊ እምነት ዋቅን፣ ቦዠንና ደሟሚትን ያውቅ ነበር። እነዚህ የአንድ አካል ሦስት ስሞች አልነበሩም። ቦዠ የነጎድጓድ ነው፣ የሰው ንብረት የነካን ሌባ በመብረቅ ይመታል ይባል ነበር። ደሟሚት ሴት ናት፣ የራሷ በዓልና የራሷ አገልጋዮች ነበሯት። ከሁሉም በላይ ፈጣሪው እግዘር አለ። «ዋቅ» የሚለው ስም ደግሞ ከጉራጌ ውጭም አለ፤ ኦሮሞው ዋቃ ሲል አንዱን ፈጣሪ መጥራቱ ነው፣ በኬንያና በሶማሊያ ድንበር ያለችው ኤልዋቅም ስሟ የዋቅ ጉድጓድ ማለት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው ተለያየ። የክሪሽና ደግሞ ስሙ ተለያይቶ ባለቤቱ አንድ።

ስለዚህ ድራማው ላይ አዲስ ስም ስትሰሙ ቁጥር ላይ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ህንዳዊ መምህር ወይም ነጋዴ ካገኛችሁ ይህችን ጠይቁት፦ «ይሄ ሌላ አምላክ ነው ወይስ ሌላ ስም?»