የእርስዎ ሰፈር ስንት ነጥብ አለው?

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ አንድ የሐበሻ ቤት እናስብ። እናት ማታ ከሥራ ስትገባ ከመንግሥት የመጣ ወፍራም ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። እንግሊዝኛዋ ለሥራዋ ይበቃታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ግን አይበቃም። እንደ ወትሮው የ15 ዓመቱ ልጅ ይጠራል። «ማሚ፣ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ነው የምታወሩት ይላል።» «አማርኛ በል።» «እንግሊዝኛ ምን ያህል ትችላላችሁ ይላል።» ልጁ ለእናቱ «ብዙም አይደለም» የሚለው ላይ፣ ለራሱ ደግሞ «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ወረቀቱ ታጥፎ ይላካል፣ እራት ይቀርባል።

በዚያች ምልክት ያ ቤት ከአንድ ቁጥር ውስጥ ወጣ። ወረቀቱ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች የሚልከው የናሙና መጠይቅ ነው። በቢሮው ደንብ መሠረት አንድ ቤት «እንግሊዝኛ የሚቸግረው» ተብሎ የሚመዘገበው፣ ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል እንግሊዝኛን «በጣም ጥሩ» የሚናገር አንድም ሰው ሲታጣ ብቻ ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ቢሆን ቤቱ ይቆጠር ነበር። 15 ስለሆነ ግን፣ እናቱ ያለ እሱ የሐኪም ማዘዣ ማንበብ ቢያቅታትም፣ በመንግሥት መዝገብ የቤቱ የቋንቋ ችግር ተፈቷል።

እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር የምታሳስበን ገንዘብ ስለሚከተላት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነዳጅ ማጣሪያዎች፣ የኃይል ማመንጫዎችና ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ለሚለቁት የአየር ንብረት በካይ ጋዝ ፈቃድ መያዝ አለባቸው፤ ከፈቃዱም ብዙውን ግዛቱ በጨረታ ይሸጣል። ገቢው ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ዛፍ ተከላ፣ ወደ ቤት እድሳት፣ አሮጌ መኪና በኤሌክትሪክ ለሚቀይሩ ወደሚሰጥ ድጎማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኤስ ቢ 535 የተባለው ሕግ ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 25 በመቶው የተጎዱ ማኅበረሰቦችን እንዲጠቅም አዘዘ። በ2016 የወጣው ኤ ቢ 1550 ደግሞ ጠበቅ አደረገው፤ 25 በመቶው እዚያው ሰፈሮቹ ውስጥ ይዋል አለ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በከተማው ሌላ ጫፍ የተሠራ ነገር «እነሱንም ይጠቅማል» እየተባለ እንዳይቆጠር ያደርጋል።

ግን የተጎዳው ማነው? ጭስ የሚሸተው ሁሉ ተጎድቻለሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ቢሮ ግን ሁሉንም ሰፈር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አለበት። ለዚህ የተሠራው ሚዛን ካልኤንቫይሮስክሪን ይባላል። የመጀመሪያው በ2013 የወጣ ሲሆን 4.0 የተባለው እትም በ2021 ወጣ፤ እዚህ የማወራው ስለዚህኛው እትም ነው።

ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግለሰብ አይደለም፣ ከተማም አይደለም። ሴንሰስ ትራክት የሚባል የቆጠራ ቀጠና ነው፤ በአማካይ 4 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት። ትልቅ ቀበሌ አስቡ፣ ነገር ግን ሊቀ መንበርም ጽሕፈት ቤትም የሌለው ቀበሌ። ነዋሪው ራሱ የቀጠናው ወሰን የት እንደሆነ አያውቅም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወደ 8 ሺህ ቀጠናዎች አሉ።

ለእያንዳንዱ ቀጠና 21 ነገሮች ይለካሉ። 13ቱ ስለ ብክለት ናቸው፤ የናፍጣ ጥላሸት፣ የመኪና ብዛት፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የመጠጥ ውኃ፣ በአሮጌ ቤቶች ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ፣ ያልጸዱ የፋብሪካ ቦታዎችና የመሳሰሉት። ስምንቱ ስለ ሰው ናቸው፤ በአስም ድንገተኛ ክፍል የገባ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዘ፣ ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን፣ ድህነት፣ ሥራ አጥነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቤት ወጪ ጫና፣ እና ያቺ የልጁ ምልክት የነካቻት የቋንቋ መለኪያ። እያንዳንዱ መለኪያ ወደ ፐርሰንታይል ይቀየራል። ፐርሰንታይል የፈተና ውጤት ሳይሆን የተራ ቁጥር ነው፤ ቀጠናዎቹን ከቀላል እስከ ከባድ አሰልፈን ስንቱን እንደበለጠ የሚናገር። የአስም ቁጥሩ 80ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው ማለት ከመቶው ሰፈር ሰማንያው ከእሱ ይሻላል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው፤ እኔ በበኩሌ ሙሉ ፍልስፍናው እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የብክለቱ መለኪያዎች ተጠቃለው ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ የሰዎቹም እንዲሁ ከ10። ከዚያ ሁለቱ አይደመሩም፤ ይባዛሉ። ብክለቱ 9፣ የነዋሪው ጉዳት 3 የሆነ ሰፈር 27 ያገኛል። ሁለቱም 6 የሆኑበት ግን 36። ቢደመሩ እኩል 12 እና 12 ይሆኑ ነበር። ማባዛቱ የሚለው ይህን ነው፤ አንድ ዓይነት ጭስ፣ ጥሩ ኢንሹራንስ ባለውና መስኮቱ በደንብ በሚዘጋ ሰው ሳንባ ላይ፣ እንዲሁም ሌሊት በሚሠራ፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የቀን ደመወዝ በሚቆረጥበት ሰው ሳንባ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ሸክም በሸክም ላይ ሲጫን ይባዛል።

ነጥቡ ከወጣ በኋላ ቀጠናዎቹ ይሰለፋሉ፤ የላይኞቹ 25 በመቶ «የተጎዳ ማኅበረሰብ» ይባላሉ። መስመሩ እዚህ ላይ ለምን ተሰመረ ቢባል፣ መልሱ ሳይንስ አይደለም። ሳይንሱ ሰፈሮችን ያሰልፋል እንጂ ሰልፉን የት እንደሚቆርጡት አይናገርም፤ የሚቆርጠው የአስተዳደር ውሳኔ ነው። 76ኛ ላይ ያለው ይገባል፣ 74ኛ ላይ ያለው ይወጣል፣ በመሐላቸው ያለው ልዩነት ግን አንድ የተበከለ ቦታ ጸድቶ ከመዝገብ በመሰረዙ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን የግዛቱ መንግሥት ራሱ ያውቀዋል። በ2022 አዲሱን ዝርዝር ሲያወጣ ከላይኞቹ 25 በመቶ ሌላ 307 ቀጠናዎችን ጨመረ፤ በቀድሞው እትም ተጎጂ ተብለው የነበሩ፣ በአዲሱ ከመስመሩ በታች የወረዱ ናቸው። ሌሎች 22 ቀጠናዎችም ገቡ፤ ብክለታቸው ከሁሉ የከፋ ሆኖ የነዋሪ መረጃ ስላልተሟላ ነጥብ ያልወጣላቸው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሬቶችም ገቡ። ሚዛኑ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ይህ ሁሉ ማስተካከያ ባላስፈለገ ነበር።

ከ21ዱ መለኪያ ውስጥ ዘር የለም። በ2013 በወጣው የመጀመሪያ እትም ነበረ፤ በዚያው ዓመት በተስተካከለው እትም ወጣ። ነገር ግን ዘርን ከሚዛኑ ቢያወጡት ከካርታው አይወጣም። በ4.0 እትም ጫናው በከፋባቸው 10 በመቶ ቀጠናዎች ከሚኖረው ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ነጭ ያልሆነ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በ1930ዎቹ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በብድር ካርታ ላይ በቀይ ተቀልመው ባንክ እንዳያበድራቸው ተደረገ፤ በኋላ ፍሪዌይ የሚያልፍበት ርካሽ መሬት ሲፈለግ እነዚያው ሰፈሮች ተገኙ። የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው እንቅስቃሴም በአሜሪካ የተቀጣጠለው በ1982 ነው፤ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ብዙው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት በዋረን ካውንቲ መርዛማ አፈር ሊቀበር ሲመጣ፣ ሰዎች ከጭነት መኪናው ፊት መንገድ ላይ ተኝተው ከ500 በላይ ታሰሩ።

ወደ ኦክላንድ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሚዛኑ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከተማዋን ሁለት ትልልቅ ፍሪዌዮች ጎን ለጎን ያቋርጧታል፤ 580 እና 880። 580 በኮረብታው ግርጌ ያልፋል፣ ከባድ የጭነት መኪና እንዳይሄድበት ከአሥርተ ዓመታት በፊት ተከልክሏል። 880 ከወደቡ ጎን፣ በዝቅተኛው ሰፈር በኩል ነው፤ ኮንቴይነሩ በብዛት የሚጓዘው በዚያ ነው። በዌስት ኦክላንድ መስኮት ከፍተው ካደሩ ጠዋት ደፉን በጨርቅ ሲጠርጉት ጨርቁ ይጠቁራል። ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ነገር፣ ከዚያ ወደብ ኮንቴይነር ከሚያወጡት ሾፌሮች መካከል የእኛም ሰዎች አሉ። ቀን ጭሱን ያመላልሳሉ፣ ማታ ደግሞ ይተነፍሱታል።

በ2015 እና በ2016 የጉግል የመንገድ ፎቶ መኪኖች የአየር መለኪያ ተጭኖላቸው የዚያን አካባቢ መንገዶች ደጋግመው ዞሩ። ውጤቱ በ2017 ሲታተም በአንድ ብሎክ ውስጥ፣ ማለትም ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ፣ ብክለቱ እስከ አምስትና ስምንት እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል ታየ። የቆጠራ ቀጠና ግን ስንትና ስንት ብሎክ የያዘ ነው። አማካዩ መጠነኛ ሲሆን፣ ከመብራቱ አጠገብ፣ ከባድ መኪና ቆሞ በሚነሳበት ጥግ የሚኖረው ሰው ቁጥሩ ውስጥ ሟሟ ማለት ነው። በዚያው ቀጠና ሀብታሞች የሚገቡበት አዲስ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ ቢሠራ፣ የጎረቤቱ ችግር ሳይቀንስ የሰፈሩ የድህነት ቁጥር ይቀንሳል።

የአስሙ መለኪያም የራሱ ጉድ አለው። የሚቆጥረው አስም ያለበትን ሰው ሳይሆን በአስም ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሄደውን ነው። ኢንሹራንስ የሌለው፣ ሂሳቡን የሚፈራ፣ ወይም የወረቀቱ ነገር የሚያሰጋው ስደተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፍነው አድሮ ጠዋት ሥራ ይገባል። እሱ በመዝገቡ ጤነኛ ነው። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ነቅሷል፤ በስሌቱ ላይ ጥቃቅን ለውጥ ቢደረግ ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ቀጠናዎች ከዝርዝሩ ሊገቡ ወይም ሊወጡ እንደሚችሉም አሳይቷል። የቋንቋው መለኪያ ደግሞ ሌላ ድካም አለበት። በአምስት ዓመት ተደምሮ ከአንድ ቀጠና መልስ የሚሰጠው ጥቂት መቶ ቤት ቢደርስ ነው፤ መልስ የሰጠው በጣም ሲያንስና ቁጥሩ የማይታመን ሲሆን የዚያ ሰፈር ሳጥን ባዶ ይተዋል።

የፌዴራሉ መንግሥትም የራሱን ካርታ ሞክሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ባይደን በጥር 2021 ባወጡት ትእዛዝ ከአየር ንብረትና ከንጹሕ ኃይል ወጪዎች 40 በመቶ ጥቅሙ ለተጎዱ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ግብ ተደረገ፤ በኅዳር 2022 የወጣው ካርታ ወደ 27 ሺህ ቀጠናዎችን ተጎጂ አለ። የእሱ አሠራር ማባዛት አልነበረም፤ በር ነበር። ከጫናዎቹ በአንዱ 90ኛ ፐርሰንታይል፣ በዝቅተኛ ገቢ ደግሞ 65ኛ የደረሰ ይገባ ነበር። በስድስት መለኪያ 89ኛ ላይ የተቀመጠ ሰፈር ግን ደጅ ይቀር ነበር፤ ተደራራቢ ሸክምን አያይም ነበር ተብሎ የተተቸውም ለዚህ ነው። ሙግቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን ትእዛዙ ተሻረ፣ ካርታውም በዚያው ሰሞን ከመንግሥት ድረ ገጽ ወረደ። ቅጂውን ያቆዩት በጎ ፈቃደኛ የመረጃ ባለሙያዎች ናቸው። የግዛቶቹ ግን በሕግ የቆሙ ናቸውና አሉ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ዙሪያ ማለት ነው፣ ሰፈሮች ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጣቸው ካርታ አለ፤ በ2021 የወጣው የአየር ንብረት ሕግም ከገቢው ቢያንስ 35 በመቶው ጫና የበዛባቸውን እንዲጠቅም ያዛል።

በዝርዝሩ ውስጥ መግባት ቼክ በፖስታ ያመጣል ማለት አይደለም። የሚከፍተው የማመልከቻ በር ነው። የካሊፎርኒያዋ ከተማ ፍሬዝኖ በ2018 ከግዛቱ 66.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኘችው የተጎዱ ሰፈሮቿ ነዋሪዎች ለወራት ተሰብስበው፣ ምን እንደሚሠራ ተከራክረውና ድምፅ ሰጥተው ባቀረቡት ዕቅድ ነው። ነጥብ ያለው፣ ግን ማመልከቻ የሚጽፍ ድርጅት የሌለው ሰፈር ነጥቡን ይዞ ይቀመጣል።

የራስዎን ሰፈር ለማየት አድራሻዎን የካልኤንቫይሮስክሪን ካርታ ላይ ማስገባት ይበቃል። አንድ ረጅም ቁጥር ይወጣል፤ የቀጠናው መታወቂያ ነው። በ06001 ከጀመረ (አንዳንዴ የፊቱ ዜሮ ተጥሎ 6001 ይላል) 06 ካሊፎርኒያ፣ 001 ደግሞ ኦክላንድ ያለችበት አላሜዳ ካውንቲ ነው፤ ቀሪዎቹ ስድስት አኃዞች ሰፈርዎ ናቸው። ቁጥሩን ሲነኩት 21ዱም መለኪያዎች በየተራቸው ይዘረዘራሉ፤ የቋንቋው ከታች በኩል፣ ከድህነቱና ከሥራ አጥነቱ ጋር ነው።