ዲኤቲ ዝቅ ሲል የት እናመልክት?

ሁለት ተማሪዎች የአሜሪካን የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ዲኤቲን ወስደው የሁለቱም አማካይ 380 መጣ እንበል። የልጅቷ ባዮሎጂ 410፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ 400፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ 390፣ ሒሳብ 380 ሲሆን ንባቧ ግን 320 ነው። የልጁ ደግሞ ንባብ 430፣ ሒሳብ 400፣ ባዮሎጂ 370፣ ሁለቱ ኬሚስትሪዎች 350፣ 350። አማካዩ አንድ ነው፤ ጉድለቱ ግን ለየቅል። ስለዚህ “በ380 የት እገባለሁ?” ብሎ ከመጠየቅ በፊት የውጤት ወረቀቱን ዘርዝሮ ማየት ይቀድማል።

ልኬቱ ራሱ በቅርቡ ተለውጧል። ከማርች 2025 በፊት ውጤቱ ከ1 እስከ 30 ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ200 እስከ 600 ሆኗል። ቀደም ብሎ የገባ ዘመድ “እኔ በ18 ነው የተቀበሉኝ” ቢል በአዲሱ ቁጥር እንዳለ ሊመነዘር አይችልም። ቅርጽን በዓይነ ሕሊና የማገላበጥ ችሎታን የሚለካው ክፍል ደግሞ ለብቻው ይታያል እንጂ ከአማካዩ ጋር አይደመርም።

የልጅቷ ችግር ንባብ ነው። በ60 ደቂቃ ሦስት ረጃጅም ጽሑፎች አንብቦ 50 ጥያቄ መመለስ፣ እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ለተማረ ሰው ጊዜው የሚያጥር ፈተና ነው። ይህ በልምምድ ሊሻሻል ይችላል፤ ፈተናውን ደግሞ ለመውሰድ 60 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። የልጁ ጉድለት ግን ሳይንሱ ላይ ነው፤ የቅበላ ኮሚቴውም መጀመሪያ የሚጠይቀው “የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኮርሶች ይቋቋማል ወይ?” የሚለውን ነው። የኮሌጅ የሳይንስ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ መልስ አለው። እሱም ዝቅ ያለ ከሆነ ከማመልከቱ በፊት ከበድ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን ወስዶ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይሻለዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ሳይዘጋጁ ደጋግመው መፈተን የለባቸውም፤ የቀደሙት ውጤቶችም ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉና።

ወረቀቱ ከታየ በኋላ ቀጥሎ የሚታየው የመኖሪያ አድራሻ ነው። ብዙ ሰው ይህን አቅልሎ ያየዋል፤ ነገር ግን በፈተናው ላይ ከሚጨመሩ ጥቂት ነጥቦች ይልቅ አድራሻ የሚያመዝንበት ጊዜ አለ። የስቴት ትምህርት ቤቶች የሚደጎሙት በነዋሪው ግብር ስለሆነ ለስቴታቸው ልጆች ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ክፍያውንም ይቀንሱላቸዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ሦስት አበሻ ቤተሰቦችን እናስብ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት የቤት ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በ1840 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሪችመንድ ባለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የቤት ልጅ ነው። እዚያው ዲሲ ውስጥ የሚኖረው ግን የስቴት ትምህርት ቤት የለውም። የጆርጅታውን የጥርስ ትምህርት ቤት በ1990 ተዘግቷል፤ ሃዋርድም የግል ነው። በቅርብ ርቀት ውስጥ ሦስት የተለያየ ዕድል ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በሰሜን ካሮላይና ኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው የስቴቱን ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ የሌላ ስቴት ልጅ እዚያ ቢያመለክት ገንዘቡን መጣሉ ነው። የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ከመቀመጫቸው 90 በመቶ ያህሉን ለቴክሳስ ነዋሪ እንዲይዙ ሕጉ ያዛል። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ላደገ ልጅ ግን ይህ ትልቅ በረከት ነው። ማመልከቻውም በቴክሳስ የራሱ ሥርዓት በኩል ነው የሚገባው፤ ይህን ያላወቀ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

ሦስተኛው መለኪያ የትምህርት ቤቱ ዓላማ ነው። ሐኪም ወደጎደለባቸው ሰፈሮች የሚሄዱ ሰዎችን ለማፍራት የቆሙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በ1881 የተጀመረው የሃዋርድና በ1886 የተጀመረው ናሽቪል ያለው የመሃሪ የጥርስ ትምህርት ቤቶች፣ በአሪዞና ሜሳ ደግሞ የኤ.ቲ. ስቲል ዩኒቨርሲቲ። ይህ ማለት በቀላሉ ይገባባቸዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሺሕ ማመልከቻ ይጎርፍላቸዋል። ዝቅ ያለ ቁጥር አጠገብ ያለውን ሕይወት ግን በትኩረት ያነባሉ። “ማኅበረሰቤን ማገልገል እፈልጋለሁ” የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ክሊኒክ ለእናቶች ያስተረጎመ፣ “ይጠዘጥዘኛል” ማለት ዝም ብሎ “ያመኛል” ማለት እንዳልሆነ ለሐኪሙ ያስረዳ ልጅ ግን የሚጽፈው ነገር አለው።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊነጋገርበት ይገባል። የዓመት ክፍያቸው ከ100,000 ዶላር የሚያልፍ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ቀደም ሲል ተማሪው ወጪውን ሁሉ ከፌዴራል መንግሥት መበደር ይችል ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሚያገኘው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። የቀረው ከግል ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ወለዱን ይጨምራል፣ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ አባት ወይም እናት ናቸው። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” እንዳይሆን፣ ቢቀበሉን መክፈል የማንችለውን ትምህርት ቤት ከዝርዝሩ አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል።

አዳዲስ ትምህርት ቤቶችንም መርሳት አይገባም። በቴነሲ ኖክስቪል የሊንከን ሜሞሪያል በ2022፣ በሚዙሪ ጆፕሊን የካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በ2023፣ በሰሜን ካሮላይና የሃይ ፖይንት በ2024 ተማሪ መቀበል ጀምረዋል። አዲስ ትምህርት ቤት ገና ስም ስላልተከለ አንዳንዴ ሰፋ አድርጎ ያያል። ከማመልከት በፊት መጣራት ያለበት እውቅና ሰጪው ኮሚሽን፣ ኮዳ የሚባለው፣ ፈቃድ የሰጠው መሆኑ ነው። ያለዚያ የሥራ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው።

ዝርዝሩ ሲወጣ ትምህርት ቤቶቹ ያስገቧቸውን ተማሪዎች አማካይ ማየት ጥሩ ነው፤ አማካይ ግን አጥር አይደለም፤ ከሱ በታች ሆነው የገቡ ብዙ ናቸው። የሚጠቅመው ዝቅተኛው የት ድረስ እንደወረደ ማወቅ ነው። ማመልከቻው ሜይ ላይ ይከፈታል፤ ጁን ላይ ያስገባና ኦክቶበር ላይ ያስገባ እኩል አይታዩም፤ ትምህርት ቤቶቹ በመጣ በመጣ ቁጥር ያያሉና። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከ250 ዶላር በላይ፣ ተጨማሪው እያንዳንዱ ከ110 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አመልካቾች የክፍያ ድጋፍ አለ፤ መጠየቅ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በጥርስ ሕክምና ተመርቀው የመጡ ሰዎች መንገዳቸው ሌላ መሆኑም ይታወቅ። ለውጭ ምሩቃን የተዘጋጁ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚያመለክቱትም በሌላ ሥርዓት በኩል ነው።

ወደ 380ዋ ልጅ እንመለስ፤ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች እንበል። ዝርዝሯ ላይ መጀመሪያ ሪችመንድ፣ ከዚያ ሃዋርድና መሃሪ፣ ሜሳ፣ አንድ ሁለት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ይሰፍራሉ። ኢስት ካሮላይናና ቴክሳስ ይሰረዛሉ፤ ብድሩ የማይሸፍነው ትልቅ ስም ያለውም ይሰረዛል። ከማመልከቷ በፊት ግን ሁለት ወር ለንባብ ትስጥ። የንባብ ውጤቷ ከ320 ወደ 370 ከፍ ቢል ሌላው ሳይነካ አማካይዋ 390 ይሆናል። በጁን ለማስገባት ከፈለገች ያ ሁለት ወር በማርች መጀመር አለበት።