ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ ምርመራ አያዘግዩ

በሻንቶም ሆነ በሶዶ የሚኖሩ የፊልም ወዳጅ ከሆኑ፣ በ«ብላክ ፓንተር» ንጉሥ ትቻላን ሆኖ የተጫወተውን ቻድዊክ ቦስማንን ያስታውሱት ይሆናል። እ.አ.አ. በ2020 በ43 ዓመቱ ሲያርፍ አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በሌላ ተዋናይ እንዲተካ ጠየቁ፤ ሌሎቹ ተቃወሙ። ፊልም ሠሪዎቹም ሳይተኩት በ2022 ሁለተኛውን ክፍል አወጡ።

ከተተኪው ክርክር ይልቅ ለእርስዎ የሚጠቅመው የሞቱ ምክንያት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለበት በ2016 ሲታወቅ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በቀዶ ሕክምናና በኬሞቴራፒ መካከል እየተወነ፣ ሕመሙን ለሕዝብ ሳይገልጽ ቆየ።

በሽታው ወጣቶችንም ይይዛል። ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ለሳምንታት ከቆየብዎ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ድካም ከበዛብዎ፣ «አሜባ ነው»፣ «ኪንታሮት ነው» ብለው በግምት መድኃኒት እየገዙ አይቆዩ። መንስኤው ብዙ ጊዜ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ለይቶ የሚያሳውቀው ግን ምርመራ ነው። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይጽፉልዎታል። ወላጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ በዚህ በሽታ ታመው ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ። ቀድሞ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።