532፦ የግሸን በዓል ሙሉ ዙር

ግሸን ደብረ ከርቤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ትነግሣለች። ቀኑ እንደ ፋሲካ ወዲያና ወዲህ አይልም። አብሮት የሚመጣው ግን ይለዋወጣል፦ አንድ ዓመት ቅዳሜ፣ ሌላ ዓመት ማክሰኞ ይውላል፤ ዘመኑ የማቴዎስ ወይም የሉቃስ ይሆናል፤ ሌሊቱም አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጠፍ ጨረቃ ነው። እነዚህ ሁሉ እንደ ቀድሞው ተገጣጥመው የሚመለሱት ስንት ዓመት ሲሞላ ነው? የባሕረ ሐሳብ መምህራን መልስ 532 ነው፤ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ስሌቱን ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ትሰጣለች።

ቁጥሩ የሦስት ዙሮች ብዜት ነው። ዕለታት 7፣ ወንጌላውያን 4 ናቸው፤ የጨረቃን ዕድሜ የሚቆጥረው አበቅቴ ደግሞ በ19 ዓመት ይዞራል። ዕለትና ወንጌላዊ በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ወንጌላዊና አበቅቴ በ76። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገናኙት 4 × 7 × 19፣ ማለትም 532 ዓመት ሲሞላ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከብዜቱ አንዲት ዓመት እንኳ አለመቀነሷ ነው። 4 እና 6 በ24 ሳይሆን በ12 ይገናኛሉ፤ ሁለቱንም 2 ያካፍላቸዋልና። 4፣ 7 እና 19ን ግን ከ1 በቀር በጋራ የሚያካፍል የለም። የአበቅቴ ዙር 21 ዓመት ቢሆን ኖሮ ታላቁ ዙር በ84 ዓመት ባለቀ ነበር።

ቁጥሩ ሌላም ጠባይ አለው። ከ1 ተነሥተን 3 እየጨመርን 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያልን እስከ 55 ብንሄድ 19 ቁጥሮች እናገኛለን፤ ድምራቸው 532 ነው። የ532 ዓመታት ቀናት ደግሞ 194,313 ሲሆኑ ልክ 27,759 ሳምንታት ይሆናሉ፤ ትርፍ የለም።

በግሸን እንፈትነው። በትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ መስከረም 21 ቀን 1449 ዓ.ም. በግሸን አምባ ተቀመጠ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠሩትን 5500 ዓመታት ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 6949 ይሆናል፤ ለ532 ሲካፈል 13 ደርሶ 33 ይተርፋል። ከ532 ዓመት በኋላ የመጣው 1981ም በዚሁ መንገድ 7481 ይሆንና 14 ደርሶ ያው 33 ይተርፋል። ሁለቱም ዘመነ ማቴዎስ፣ አበቅቴያቸው 23፣ የአበቅቴ ጥንድ የሆነው መጥቅዓቸው 7፣ ፋሲካቸው ሚያዝያ 22 ነው። እንቁጣጣሽ በሁለቱም እሑድ ስለዋለ የግሸን በዓል ቅዳሜ ዋለ፤ ከመስከረም 1 እስከ 21 ያሉት 20 ቀናት ለሦስት ሙሉ ሳምንት አንድ ቀን ይጎድላቸዋልና በዓሉ ምንጊዜም ከእንቁጣጣሽ ዕለት በአንድ ይቀድማል። ቀጣዩ መግጠሚያ 2513 ነው።

የሰማይዋ ጨረቃ ግን ስሌቱን ሙሉ በሙሉ አትታዘዝም። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራሉ፤ በ532 ዓመት ልዩነቱ ተጠራቅሞ ወደ 1.7 ቀን ይደርሳል። ፋሲካ የሚወጣው ግን በስሌቷ ጨረቃ ስለሆነ ዙሩ አይናጋም።

አንባቢም የፈለገውን ዓመት ይሞክር፦ 5500 ይደምር፣ ለ532 ያካፍል፣ ቀሪውን ይያዝ። የ2017 ቀሪ 69 ነው፤ ያው ቀሪ ከዚያ በፊት የወጣው በ1485፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ነበር።