የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና ልብስ ሰፊዎቹ

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ በአንድ ሰው እጅ ተሰፍቶ አያልቅም። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ቀጥላ ያለችው የቁልፍ ቀዳዳ ታወጣለች። ክር የምትለቅምና ስፌት የምትፈትሽም አለች። በሰዓት ስንት መውጣት እንዳለበት የሚወስነው «ታርጌት» ነው። ኮሌታ ሰፊዋ ዘንድ ሥራ ከተጠራቀመ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ሥራ ይፈታሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም እሷ ላይ ይጮኻል።

ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። አንድ የቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ ያቆመው ሲሆን 52 ሼዶች አሉት። ከከተማው ዳር ያለው የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ተጣርቶ መልሶ ለሥራ እንዲውል መታቀዱ ለዚህ ነው፤ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ በስማቸው የሚከፈል ደመወዝ ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ መነሻው በወር 750 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ገንዘብ ብቻውን ቤት የሚከራይ የለምና ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ከኪራዩ የተረፈው ለአስቤዛ ይውላል፣ ከተቻለም ለቤተሰብ ይላካል። የከተማው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፦ አከራይዋ፣ እንጀራ ሻጯ፣ ባጃጅ ነጂው ከዚያች ትንሽ ደመወዝ ይካፈላሉ። ልጅቷ ራሷ ግን ወር መድረስ ያቅታታል። ብዙዎች ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ጥለው መሄዳቸው ሊያስገርመን አይገባም፤ ለግል ድርጅቶች የደመወዝ ወለል ሳይቀመጥ ባለሀብት መጥራታችን ያመጣው ነው።

ባለሀብትም ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲባባስ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። በታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ወደ ገበያዋ ያለ ቀረጥ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ አስወጣች፤ ያ ዕድል ቀረ፣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ሴቶቹም ከሥራ ተሰናበቱ።

ያኔ ሠራተኛዋ ይዛው የምትወጣው ሙያ ምንድን ነው? ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ የሰፋች ሴት ጨርቅ ቆርጣ፣ ገጥማ፣ ልብስ ጨርሳ መስፋት አትችልም፤ የራሷን ስፌት ቤት ልትከፍትም አትደፍርም። ሠራተኛዋን ከአንዱ የስፌት መኪና ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ማሠልጠን ለፋብሪካው ጥቂት ታርጌት ያስቀርበት ይሆናል፤ ቢሆንም ለባለሀብት ሼድና መብራት ስናቀርብ ይህን በውሉ ውስጥ መጠየቅ ይገባናል።